ለኮምፒውተር መሪ ፕሮግራም ዋጋ መክፈል ይገባልን?

በባቲ ሰኞ ገበያ ግመል ወይም በሬ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ጥርሱን ያያል፤ ሰኰናውን ይመለከታል፤ ከየት እንደ መጣ ይጠይቃል፤ ሻጩን የሚያውቅ ሰው ካልቀረበለትም ገንዘቡን ከኪሱ ለማውጣት አይቸኩልም። ይህ ጥንቃቄ ከአባቶች የወረደ ዕውቀት ነው፤ የተሰረቀ ከብት የገዛ ሰው ከብቱንም ገንዘቡንም አጥቶ፥ ከዚያም በላይ በዳኛ ፊት እንደሚቆም የታወቀ ነውና። ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ሰው ወደ ከሚሴ ከተማ መጥቶ ለልጁ ወይም ለንግድ ቤቱ ኮምፒውተር ሲገዛ፥ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ዋጋው፥ ስለ ፍጥነቱና ስለ ባትሪው ብቻ ነው። ማሽኑን የሚመራው ፕሮግራም ከየት እንደ መጣ፥ ፈቃድ ያለው መሆኑን ወይም አለመሆኑን፥ ነገ ቢታመም ማን እንደሚያክመው አይጠይቅም። ሻጩም «ፎርማት አድርጌ ሁሉን ነገር ጭኜልሃለሁ» ባለው ጊዜ አመስግኖ ይሄዳል። ሁሉን ነገር መጫን ማለት ግን ምን ማለት እንደ ሆነ መመርመር ይገባ ነበር።

ይህ መሪ ፕሮግራም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ሥራውን ለማስረዳት የድሮውን የአጋፋሪ ሥራ ማስታወስ ይበቃል። በትልቅ ሰው ቤት ግብር በሚገባበት ቀን አጋፋሪው በበሩ ቆሞ ማን እንዲገባ፥ ማን እንዲቈይ፥ እያንዳንዱም በየትኛው ስፍራ እንዲቀመጥ ይወስናል፤ እርሱ ከሌለ ማዕዱ ይረበሻል፤ እርሱ ካልታመነ ደግሞ ሌባ ከእንግዳ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ኦፐሬቲንግ ሲስተምም እንዲሁ የጽሕፈቱን ፕሮግራም፥ የማተሚያውን መሣሪያ፥ የኢንተርኔቱን መስመርና የተከማቸውን መዝገብ እያንዳንዱን በየተራው ያስተናግዳል። አጋፋሪው የማይታመን ከሆነ የግንቡ ውፍረትና የበሩ ብርታት ከንቱ ነው። እንግዲህ ለዚህ አጋፋሪ ደመወዝ መክፈል ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ የኮምፒውተር ነጋዴዎች ብቻ ጕዳይ ሊሆን አይችልም።

ነገሩ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ለሚኖረው ሕዝብ የተለየ ክብደት አለው። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የዞኑ መቀመጫ ናት። ከባቲ፥ ከደዋ ጨፋ፥ ከአርጡማ ፉርሲና ከጅሌ ጥሙጋ የሚመጣው ባለጕዳይ ሁሉ ወደ እርስዋ ይጐርፋል። የቦርከና ወንዝ በሚያጠጣው በጨፋ ሜዳ የሚያርሰው ገበሬ የመሬት ይዞታ ደብተሩ፥ የእናትየዋ የጤና ካርድ፥ የተማሪው ውጤትና የነጋዴው ግብር ቀድሞ በወረቀት ብቻ ይጠበቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ከቀን ወደ ቀን ወደ ኮምፒውተር እየተዛወረ ነው። ወረቀት ቢሰረቅ የሚሰረቀው አንድ ሉህ ነው፤ ኮምፒውተር ሲበላሽ ግን የብዙ ሺሕ ሰው መብት በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ዋጋው ሲሰላ የማሽኑ ዋጋ ብቻ ሳይሆን፥ በማሽኑ ውስጥ ያለው የሰው ንብረት ዋጋም አብሮ ሊሰላ ይገባል።

ይህንም ጥያቄ በዚህ ዘመን ያስነሡት ሁለት ምክንያቶች ናቸው። የመጀመሪያው፥ ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለተባለው ፕሮግራሙ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥበቃ ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙ ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፥ ዊንዶውስ 10ን በሕጋዊ መንገድ የያዘና ማሽኑ ብቁ የሆነለት ሰው ያለ ተጨማሪ ዋጋ ወደ እርሱ ሊሻገር ይችላል። ነገር ግን ማሽኑ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፥ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የምስጢር መጠበቂያ ክፍል እንዲኖረው ግድ ይላል፤ ብዙ አሮጌ ማሽኖችም ይህን አያሟሉም። በአሮጌው ለመቈየት ለሚፈልጉ መሥሪያ ቤቶች ኩባንያው ያቀረበው ዋጋ በእያንዳንዱ ማሽን ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ነው፤ ይህም በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ እስከ ሦስት ዓመት ይቀጥላል፤ ሲደመር 427 ዶላር ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የገንዘብ ምንዛሪ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ አስቀድሞ አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ። ለቤት የሚሸጠው ዊንዶውስ 11 በአሜሪካ በ139 ዶላር ሲቸረቸር ቈይቷል። ሃያ ኮምፒውተር ያለው አንድ ትምህርት ቤት ለሁሉም ፈቃድ ቢገዛ 2,780 ዶላር ይሆናል። ይህ በፊተኛው ምንዛሪ 158,460 ብር ነበረ፤ በ100 ብር ሲሰላ ግን 278,000 ብር ነው። ዕቃው አልተለወጠም፤ ሥራውም አልጨመረም፤ የተለወጠው የገዢው አቅም ነው።

እንግዲህ በገዢው ፊት ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ዋጋ ከፍሎ በፈቃድ መጠቀም ነው። ሁለተኛው ባለቤቶቹ ራሳቸው በነጻ እንዲወሰድ የፈቀዱትን፥ ሊኑክስ የሚባለውን ዓይነት መውሰድ ነው። ሦስተኛው በገበያው ቋንቋ ክራክ የሚባለውን፥ ቍልፉ ተሰብሮ የተባዛውን መጫን ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንድ አድርጎ ሁለቱንም «ነጻ» ይላቸዋል። ይህ ግን ከጎረቤት የተሰጠን ላምና በሌሊት ከበረት የተነዳን ላም አንድ ናቸው እንደ ማለት ነው።

ስለ ሦስተኛው መንገድ አስቀድሞ መናገር ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚሄድበት እርሱ ነውና። በሕግ በኩል ነገሩ ግልጽ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍ ጋር አስተካክሎ ጥበቃ ሰጥቶታል። ይሁን እንጂ በዚህ ስፍራ ከሕጉ ይልቅ ጕዳቱን መመልከት ይበልጥ ያስተምራል። ቍልፉን ለመስበር የሚያገለግለው ትንሽ ፕሮግራም ሲጫን ብዙ ጊዜ የቫይረስ መከላከያው እንዲዘጋ ይጠይቃል፤ ማሻሻያም እንዳይገባ መንገዱን የሚዘጋ አለ። ይህን የሠራው ማን እንደ ሆነ፥ በውስጡም ምን እንደ ደበቀ የሚያውቅ የለም። ባለቤቱ በገዛ እጁ ዘበኛውን አሰናብቶ፥ የቤቱን ቍልፍ ለማያውቀው ሰው አስረከበ ማለት ነው። «ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ማሻሻያን መናቅ ምን እንደሚያስከትል ዓለም በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. አይቷል። በዚያ ቀን ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ተነሥቶ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ፤ በውስጣቸው ያለውን መዝገብ ሁሉ ቈልፎም ለመክፈቻው ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ፤ ሕመምተኞችንም ወደ ሌላ ስፍራ አዛወሩ። የሚያሳዝነው ግን ማይክሮሶፍት ለዚያ ቀዳዳ መድፈኛውን ያወጣው ከሁለት ወር አስቀድሞ መሆኑ ነው። ማሻሻያውን በጊዜው የተቀበለ ማሽን ከዚያ ቀዳዳ ተጠበቀ፤ ችላ ያለው ተያዘ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ለኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚከፈለው ገንዘብ በዲስኩ ላይ ለተጻፈው ነገር ብቻ የሚከፈል አይደለም፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ ለሚመጣው ጥበቃ የሚከፈል ነው። ከፍሎ ማሻሻያውን የማይቀበል ሰው ገንዘቡን በከንቱ ጥሏል፤ ሳይከፍል ነጻውን ወስዶ ማሻሻያውን በየጊዜው የሚቀበል ሰው ግን የጥበቃውን ፍሬ አግኝቷል።

ከፍሎ መጠቀም የሚሻልበትም ጊዜ አለ፤ ይህን መካድ አይገባም። በአገራችን ብዙ ነጋዴዎችና ድርጅቶች ሒሳባቸውን የያዙበት ፒችትሪ የተባለው ፕሮግራም የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፤ በየጽሕፈት ቤቱ የታወቀው ፓወር ግዕዝም እንዲሁ። የብዙ ዓመት ሒሳቡ በዚያ የተቀመጠ ነጋዴ በአንድ ቀን ልለውጥ ቢል ከትርፉ ይልቅ ኪሳራው ይበዛል። ሠራተኛው ሁሉ የለመደው፥ ጠጋኙም የሚያውቀው መሣሪያ መሆኑ ራሱ ዋጋ አለው። ስለዚህ ሥራው በዊንዶውስ ላይ የቆመ ሰው የፈቃዱን ዋጋ እንደ ማንኛውም የሥራ መሣሪያ ቈጥሮ ሊከፍል ይገባዋል።

በዚህም ላይ ብዙ ገዢ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ከታወቁ ፋብሪካዎች የሚመጡ ብዙ ኮምፒውተሮች የዊንዶውስ ፈቃዳቸው አስቀድሞ ተከፍሎበት የሚመጡ ናቸው። ከዊንዶውስ 8 ዘመን ወዲህም የፈቃዱ ቍልፍ በማሽኑ ዋና ሰሌዳ ውስጥ ስለሚጻፍ፥ ውስጡ ተጠርጎ ያው ዓይነት ዊንዶውስ እንደ ገና ቢጫን ራሱን ያውቃል። ከውጭ አገር የሚገቡ ያገለገሉ ማሽኖችም ብዙ ጊዜ ይህ ፈቃድ አላቸው። ነገር ግን ባለሱቁ ሳይመረምር ክራኩን ከላይ ሲጭንበት፥ ገዢው ሕጋዊ ንብረቱን በእጁ ይዞ ሳለ የተሰረቀውን ይጠቀማል። ስለዚህ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት በማሽኑ ማስተካከያ ገጽ ላይ ገብቶ ፈቃዱ የጸና መሆኑን እንዲያሳዩት ይጠይቅ። የበሬን ጥርስ ማየት ማለት ይህ ነው።

ወደ ነጻው መንገድ ስንመለስ፥ ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ሰው ነው። ሥራውን ለሁሉ ከፍቶ ስለ ተወው በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች እያረሙና እየጨመሩ አሳደጉት። ኡቡንቱ የተባለው ዓይነት ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪቃዊው ማርክ ሻትልዎርዝ የተመሠረተ ሲሆን፥ በየሁለት ዓመቱ የሚወጣው ዋና እትም አምስት ዓመት መደበኛ ጥበቃ ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። ይህ ነገር ለአገራችን ሰው እንግዳ ይመስላል እንጂ እንግዳ አይደለም። አንድሮይድ የተባለው የስልክ መሪ ፕሮግራም የተሠራው በሊኑክስ መሠረት ላይ ነውና፥ በጨፋ ሜዳ ከብቱን እየጠበቀ በስልኩ ገንዘብ የሚልከው ወጣት ሳያውቀው ሊኑክስን በኪሱ ይዞ ይዞራል።

መንግሥትም ከዚሁ ዓይነት ሥራ ተጠቅሟል። በአዋጅ ቍጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የፋይዳ መታወቂያ የቆመው ሞሲፕ በተባለው፥ በሕንድ አገር በባንጋሎር በተሠራውና ለሁሉ ክፍት በሆነው ፕሮግራም ላይ ነው። የጤና ሚኒስቴርም ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ድርጅቶችን ዘገባ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ፕሮግራም በኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ክፍት ሥራ ነው። እነዚህ ሁለቱ «ነጻ ነገር ዋጋ የለውም» ለሚል ሰው በቂ መልስ ይሆናሉ። ከዚህም ሌላ ለገዢው የሚጠቅም ነገር አለ፤ እንደ ዲኤችአይኤስ 2 ያሉ በኢንተርኔት ማሰሻ የሚከፈቱ ፕሮግራሞች ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ይሁን ሊኑክስ አይመርጡም። እንዲህ ያለው ሥራ እየበዛ በሄደ ቍጥር በአንድ ኩባንያ ላይ የመደገፍ ግዴታ እየቀነሰ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ ነጻ ማለት ወጪ የሌለበት ማለት እንዳልሆነ የጀርመን አገር የሙኒክ ከተማ ታሪክ ያስተምራል። የከተማው ምክር ቤት በ2003 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስን ትቶ ወደ ሊኑክስ ለመሻገር ወሰነ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን አሻገረ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ግን ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር ጽሑፍ ሲለዋወጡ የሚደርሰው መፋለስ፥ የሠራተኛው ማጕረምረምና የአስተዳደሩ መለዋወጥ በክርክሩ ውስጥ ተነሥተዋል። በአንጻሩ የፈረንሳይ ዣንዳርመሪ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ማሽኖቹን ወደ ኡቡንቱ አሻግሮ ጸንቷል፤ በሕንድ የኬራላ ክፍለ ሀገርም በመንግሥት ትምህርት ቤቶቹ ተማሪዎችን በሊኑክስ ሲያስተምር ኖሯል። በሙኒክና በኬራላ መካከል ያለው ልዩነት የፕሮግራሙ አይደለም፤ ፕሮግራሙ አንድ ዓይነት ነው። ኬራላ አስቀድሞ መምህራኑን ማሠልጠኑና ነገሩን ከትምህርት መጀመሩ ነው። ከፈቃድ የተረፈው ገንዘብ ለሰው ዕውቀት ካልዋለ ቍጠባው ወደ ኪሳራ ይለወጣል።

በወሎ ምድር ያደገ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። በዚህ ምድር ሁለት የጽሕፈት ልማዶች ጐን ለጐን ኖረዋል፤ በአንድ በኩል ቁም ጸሐፊው ብራና ዳምጦ፥ ቀለም በጥብጦ መጽሐፍ ይጽፋል፤ በሌላ በኩል ደረሳው በሼኹ ፊት ተቀምጦ ኪታብ ይገለብጣል። በሁለቱም ዘንድ ቃሉ አይሸጥም ነበር፤ የሚከፈለው ለብራናው ወይም ለወረቀቱ፥ ለቀለሙና ለድካሙ ነው። ነገር ግን በሁለቱም ዘንድ ከዋናው ጋር ተመሳክሮ ያልታረመ መጽሐፍ ክብር አልነበረውም፤ አንዱ የሳተውን ሌላው እየገለበጠ ስሕተቱን ያበዛልና። ክፍት የሆነው ፕሮግራም ሊቃውንት ሁሉ እንዲያርሙት ዋናው በአደባባይ እንደ ተቀመጠ መጽሐፍ ነው። የሚሸጠው ደግሞ ባለቤቱ ብቻውን እያረመ ለገዢው እንደሚልከው መጽሐፍ ነው። ክራኩ ግን ከማን እጅ እንደ ወጣ የማይታወቅ፥ የሚያርመውም የሌለው ግልባጭ ነው።

ስለ ጽሕፈት ከተነሣ ዘንድ የቋንቋው ጕዳይ ሊታለፍ አይገባም። በዞኑ አፋን ኦሮሞ በቍቤ፥ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። ቍቤ የላቲን ፊደል ስለ ሆነ በማናቸውም ኮምፒውተር ላይ ይጻፋል። የግዕዝ ፊደል ግን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዊንዶውስ የራሱን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ የወጣው ደግሞ ቪስታ በተባለው እትም በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በየራሳቸው መንገድ በተሠሩ ፊደሎች የተጻፉ ደብዳቤዎችና መዝገቦች ያ ፊደል በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ይሆናሉ። ዛሬ ሁለቱም፥ ዊንዶውስም ሊኑክስም፥ ግዕዝን በዩኒኮድ ይጽፋሉ። ስለዚህ ማናቸውም መሥሪያ ቤት መሪ ፕሮግራሙን ከመለወጡ አስቀድሞ አሮጌ ጽሑፎቹን ወደ ዩኒኮድ ቢያዛውር፥ ወደፊት የትኛውንም ቢመርጥ መዝገቡ አይጠፋበትም። ይህ ሥራ የሚጠይቀው ከዶላር ይልቅ ትዕግሥትን ነው።

«በከሚሴ ሊኑክስ የሚያውቅ ጠጋኝ ከየት ይመጣል?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው የተገባ ነው። መልሱ ግን ከከተማይቱ ሩቅ አይደለም። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የቴክኖሎጂ ተቋም በኮምቦልቻ ነው፤ ከከሚሴ ወደ ኮምቦልቻም በመኪና ከግማሽ ቀን የማይፈጅ መንገድ ነው። ከእያንዳንዱ ወረዳ ሁለት ሁለት ወጣቶች ተመርጠው በዚህ ጥበብ ቢሠለጥኑ፥ ለውጭ ኩባንያ በየጊዜው ሊከፈል የነበረው ገንዘብ ደመወዝ ሆኖ በአገር ልጅ እጅ ይቀራል። ለፈቃድ የተከፈለ ዶላር ከአገር ወጥቶ ይሄዳል፤ ለዕውቀት የተከፈለ ብር ግን እዚያው ያፈራል።

የኢንተርኔት ማነስም ሌላ ምክንያት ሆኖ ይቀርባል። በክልሉ የኢንተርኔት መስመር ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በቈየባቸው ወራት ማሻሻያ ማውረድ አልተቻለም ነበር። ይሁን እንጂ በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ በየግላቸው ማውረድ አያስፈልጋቸውም፤ በዊንዶውስም ሆነ በሊኑክስ አንዱ ማሽን የወሰደውን ማሻሻያ ለሌሎቹ በውስጥ መስመር ሊያካፍል ይችላል። መስመሩ እስኪመለስ ድረስ ደግሞ የባለጕዳይ መዝገብ ያለበትን ማሽን ለማይታወቅ ፍላሽ አለማስነካት የመጀመሪያው ጥበቃ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ደግሞ በደሴና በኮምቦልቻ የሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ብዙ መሣሪያው እንደ ተዘረፈ የሚታወስ ነው፤ ከሚሴም በዚያው ወራት ከጦርነቱ እሳት አላመለጠችም። የመዝገቡን ግልባጭ በሌላ ከተማ ማስቀመጥ ከየትኛውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚበልጥ ጥበቃ መሆኑን ያ ዘመን አስተምሯል።

እንግዲህ ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ እንደየሥራው ይለያያል። ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ ጽሕፈት፥ ሒሳብና የፕሮግራም ሥራ ለማስተማር ሲፈልግ ነጻው ይበቃዋል፤ ሊብሬኦፊስ የተባለው ነጻ የቢሮ ፕሮግራምም ከእርሱ ጋር አብሮ ይገኛል። ደብዳቤና ማመልከቻ ብቻ የሚጽፍ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት፥ አሮጌ ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን መሸከም ካልቻለ፥ ጥበቃ በሌለው ዊንዶውስ 10 ከሚቀጥል ወደ ሊኑክስ ቢሻገር ማሽኑ ተጨማሪ ዓመታት ያገለግለዋል። ሒሳቡ በፒችትሪ የተያዘ ነጋዴ ግን ይክፈል። የመሬት መዝገብ፥ የፍርድ ቤት ፋይልና የሕመምተኛ ታሪክ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ፤ ሦስተኛውን መንገድ ግን ፈጽሞ አይርገጥ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የያዘ ሁሉ በጥንቃቄ እንዲጠብቅ አዝዟል፤ ቍልፉ በተሰበረ በር ውስጥ የተቀመጠ ንብረት ተጠበቀ ሊባል አይችልም።

መክፈል ግድ በሚሆንበት ስፍራም እያንዳንዱ ወረዳና እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በየግሉ በችርቻሮ መግዛቱ ጥበብ አይደለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፥ ዞኑ ወይም ክልሉ የሁሉን ቍጥር ሰብስቦ በአንድ ላይ ቢዋዋል ዋጋው ይቀላል፤ ኩባንያዎቹም ለብዛትና ለትምህርት የተለየ ዋጋ አላቸው። ከዚህ በፊት ግን በየመሥሪያ ቤቱ ስንት ማሽን እንዳለ፥ ስንቱ ፈቃድ እንዳለው፥ ስንቱም ዊንዶውስ 11ን እንደሚችል ቈጥሮ መመዝገብ ያሻል። ያልተቈጠረ መንጋ ቢጐድል አይታወቅም።

የባቲው ገዢ በሬውን የሚመረምረው ዋጋው ውድ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ የልጆቹ እንጀራ በበሬው ጫንቃ ላይ ስለ ሆነ ነው። በከሚሴ ቢሮ ባለው ማሽን ላይ ያለው ሸክም ከዚህ አያንስም። ገንዘብ ያለው ይክፈል፤ የሌለው ነጻውን በዕውቀት ይያዝ፤ ከሁሉ በፊት ግን አጋፋሪው ማን እንደ ሆነና ከየት እንደ መጣ ይጠየቅ። የጨፋው ገበሬ የይዞታ ደብተሩን ለማረጋገጥ ከሩቅ ተጕዞ መስኮቱ ዘንድ ሲደርስ «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል፤ መዝገብህም አይገኝም» የሚለውን ቃል እንዳይሰማ ማድረግ፥ የዚህ ሁሉ ወጪና ድካም ፍጻሜው እርሱ ነው።